የመንግሥት ግዥ ባለሙያ መሆን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ መንግሥት ግዥ ሙያ ለመግባት የሚያስቡ፣ ገና የተቀጠሩ፣ ወይም ከሌላ ክፍል ተዛውረው ድንገት የግዥ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ለዓመታት ሲጠይቁኝ የኖሩትን ነው እዚህ የሰበሰብኩት። እያንዳንዱ አገር የራሱ አዋጅ፣ መመሪያና የገንዘብ ጣሪያ ስላለው የመሥሪያ ቤትዎን መመሪያ የሚተካ ነገር እዚህ አያገኙም። የሥራው ባሕርይ ግን የትም ቢሄዱ ተቀራራቢ ነው፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የግዥ ባለሙያ ሥራው በትክክል ምንድን ነው? ጨረታ ማውጣት ብቻ ነው?

ከውጭ ለሚያየው ሥራው ማስታወቂያ ማውጣት፣ ፖስታ መክፈትና አሸናፊ መለየት ይመስላል። እነዚህ ሰው ፊት የሚሠሩ ስለሆኑ ነው እንዲህ ጎልተው የሚታዩት። ከዚያ በፊት ግን ጠያቂው ክፍል የፈለገውን ነገር አብሮ ማጥራት፣ ገበያው ውስጥ ማን ምን እንደሚሸጥ ማጥናት፣ የግዥ ዘዴውን መምረጥና የጨረታ ሰነዱን መጻፍ አለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ውል ማስተዳደር፣ ርክክብ መከታተል፣ ክፍያ በወቅቱ እንዲፈጸም መግፋት፣ በመጨረሻም ፋይሉን ማንም አንብቦ በሚረዳው መልኩ መዝጋት አለ።

ከልምዴ በእርግጠኝነት የምናገረው ነገር ቢኖር ግዥ የሚበላሸው በአብዛኛው ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ባሉት ሳምንታትና ውሉ ከተፈረመ በኋላ ባሉት ወራት መሆኑን ነው። ፖስታ የሚከፈትበት ቀን ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል። ያልተጠየቀው ጥያቄ፣ ያልታየው ገበያና ያልተከታተሉት ውል ግን ማንም ሳያየው ገንዘቡን ይበሉታል።

ከግል ድርጅት ግዥ በምን ይለያል?

የግል ድርጅት ገዢ ለአሥር ዓመት አብሮት የሠራ አቅራቢ ዘንድ ስልክ ደውሎ ቢገዛ የሚጠይቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። የመንግሥት ገዢ ግን ገንዘቡ የሕዝብ ስለሆነ አቅራቢዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ማየት፣ የሚመዝንበትን መስፈርት አስቀድሞ ማሳወቅና ለእያንዳንዱ ውሳኔ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት። በ2003 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 9 የመንግሥት ግዥ በግልጽነት፣ በውድድርና በተጨባጭ መስፈርት ላይ እንዲመሠረት አባል አገሮችን ይጠይቃል። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን በ2011 ያወጣው የመንግሥት ግዥ ሞዴል ሕግም አገሮች የራሳቸውን ሕግ ሲያረቅቁ መነሻ እንዲሆናቸው የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ አንድ አገር የተማሩት መሠረተ ሐሳብ ሌላው ዘንድ ሲሄዱ ባዕድ አይሆንብዎትም።

የመጠኑም ነገር አለ። በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አባል አገሮች የመንግሥት ግዥ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 12 በመቶ ገደማ ይይዛል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ሥራ በአንዳንድ መሥሪያ ቤት እንደ ጸሐፊነት መታየቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ለመግባት ምን መማር ያስፈልገኛል?

አንድ በር የለውም። ከሕግ፣ ከሒሳብ አያያዝ፣ ከኢኮኖሚክስ፣ ከምሕንድስና፣ ከሎጂስቲክስ የመጡ ጎበዝ ባለሙያዎችን አውቃለሁ፤ መድኃኒት የሚገዛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ፋርማሲስት ይፈልጋል። በሙያው የታወቀው የምስክር ወረቀት በእንግሊዝ አገር በ1932 የተመሠረተውና በምሕጻሩ ሲፕስ የሚባለው የግዥና አቅርቦት ተቋም የሚሰጠው ነው፤ በደረጃ ስለተከፋፈለ ከጀማሪ እስከ ከፍተኛ ባለሙያ ሥራ ላይ ሆነው ሊማሩት ይችላሉ።

ከወረቀቱ ይልቅ እኔ ሰው ስቀጥር የማየው ሦስት ነገር ነው። ረጅም ሰነድ በትዕግሥት ማንበብ፣ ሁለት ትርጉም የማይሰጥ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ በኤክሴል ዋጋ ማነጻጸር። ሦስተኛው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ተጫራች ዋጋውን ወደብ ድረስ፣ ሌላው መጋዘንዎ በር ድረስ አድርጎ ቢያቀርብና እርስዎ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ ንጽጽሩ ገና ከመነሻው ስህተት ነው። ከውጭ የሚገዙ ከሆነ ኢንኮተርምስ የሚባሉትን የንግድ ውል ቃላት ይወቁ። የ2020ው እትም 11 ቃላት አሉት፤ እያንዳንዱም ወጪውና ኃላፊነቱ ከሻጭ ወደ ገዢ የሚተላለፍበትን ቦታ ይወስናል።

ሕጉንና መመሪያውን በቃሌ መያዝ አለብኝ?

አይጠበቅብዎትም። የት እንደሚገኝ ማወቅና በተጠራጠሩ ጊዜ ከፍቶ ማንበብ ግን ይጠበቅብዎታል። «ድሮም እንዲህ ነው የምንሠራው» የሚለውን መልስ እንደ ሕግ አይቀበሉ።

ስፔሲፊኬሽን (የሚገዛው ነገር ዝርዝር መግለጫ) የሚያዘጋጀው ጠያቂው ክፍል ነው። እኔን ምን አገባኝ?

በጣም ያገባዎታል። ቴክኒኩን የሚያውቀው ጠያቂው ክፍል ነው፤ ገበያውን የሚያውቀው ደግሞ እርስዎ መሆን አለብዎት። ስፔሲፊኬሽን ላይ የገባ አንድ አላስፈላጊ ቁጥር ግማሹን ተጫራች ከበር ሊመልስ ይችላል።

አንድ ጊዜ ለቤተ ሙከራ መሣሪያ የቀረበልኝ ስፔሲፊኬሽን የመሣሪያውን ክብደት፣ ቁመትና የሽፋኑን ቀለም ሳይቀር ያስቀመጠ ነበር። ክብደቱ ለምርመራው ምን እንደሚጠቅም ጠየቅሁ፤ የመለሰልኝ ሰው አልነበረም። ኋላ ሲጣራ ከአንድ አምራች ካታሎግ እንዳለ የተገለበጠ ሆኖ ተገኘ። ያዘጋጀው ሰው ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፤ ጊዜ አጥሮት ያገኘውን ገልብጦ ነው። ውጤቱ ግን ስም ሳይጠሩ አንድ ድርጅት ብቻ እንዲያሸንፍ ማድረግ ነበር። እነዚያን መስመሮች አውጥተን መሣሪያው በሰዓት ስንት ናሙና መመርመር እንዳለበትና የሚፈቀደውን የስህተት ልክ ብቻ አስቀመጥን፤ ከተለያዩ አምራቾች የመጡ ዕቃዎችም ተወዳደሩ።

መርሁ ዕቃው ምን መምሰል እንዳለበት ሳይሆን ምን መሥራት እንዳለበት መጻፍ ነው። የንግድ ምልክት ከመጥቀስ ውጭ ሌላ መግለጫ ከጠፋ «ወይም አቻ» የሚለው ሐረግ አብሮ ይግባ። የዓለም ንግድ ድርጅት የመንግሥት ግዥ ስምምነትም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ተሻሽሎ በሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 2014 ነው። «አቻ» ብለው ሲጽፉ ግን አቻነቱ በምን እንደሚለካ አብረው ይግለጹ፤ አለዚያ ክርክሩን ወደ ግምገማው ቀን ማሸጋገር ብቻ ይሆናል።

ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ሁልጊዜ ያሸንፋል?

ለወረቀት፣ ለስኳር፣ ለሲሚንቶ፣ በአጠቃላይ ደረጃው ለታወቀ ዕቃ መስፈርቱን ያሟላና ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ማሸነፉ ተገቢ ነው። ለሌላው ግን ዋጋ ሲባል የትኛው ዋጋ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለት የማተሚያ ማሽኖች ያስቡ። አንዱ 20,000፣ ሁለተኛው 35,000 ነው። የመጀመሪያው ለአንድ ገጽ ቀለም 2 ብር ይወስዳል፣ ሁለተኛው ግማሽ ብር (0.50) ብቻ። ማሽኑ በአገልግሎት ዘመኑ 60,000 ገጽ ያትማል ቢባል የመጀመሪያው በጠቅላላ 140,000፣ ሁለተኛው 65,000 ያስወጣል። «ርካሹ» ከእጥፍ በላይ ተወደደ ማለት ነው። ነዳጅ የሚበላ፣ መለዋወጫ የሚፈልግ፣ ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስ ነገር ሁሉ በዚህ ዓይን መታየት አለበት።

ጥራትና ዋጋ አብረው በነጥብ ሲመዘኑ ደግሞ ክብደቱ ዕጣ ይወስናል። ሀ በቴክኒክ 80 አግኝቶ ዋጋው 100 ነው፤ ለ በቴክኒክ 70 አግኝቶ ዋጋው 80 ነው እንበል። ዝቅተኛው ዋጋ ሙሉ ነጥብ ስለሚያገኝ ለ በዋጋ 100፣ ሀ 80 ያገኛሉ። ቴክኒክ 70 በመቶ፣ ዋጋ 30 በመቶ ቢይዝ ሀ 80፣ ለ 79 አግኝተው ሀ ያሸንፋል። ወደ 60 እና 40 ቢቀየር ሀ እዚያው 80 ላይ ይቀራል፣ ለ 82 ደርሶ ያሸንፋል። ሰነዶቹ ያው፣ ተጫራቾቹም ያው ናቸው። ክብደቱ ፖስታ ከመከፈቱ በፊት ተወስኖ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ መታተም ያለበት ለዚህ ነው። እኔ ሰነዱን ከማውጣቴ በፊት በምናብ የፈጠርኳቸውን ሦስት ተጫራቾች በቀመሩ ውስጥ አሳልፌ ውጤቱ አእምሮ የሚቀበለው መሆኑን አያለሁ። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

አዝማሚያውም ወደዚህ ነው። የዓለም ባንክ ሐምሌ 2016 ሥራ ላይ ያዋለው የግዥ ማዕቀፍ ለገንዘብ ተመጣጣኝ ጥቅም ማግኘትን ዋና መርህ ያደረገ ነው።

ከአቅራቢዎች ጋር መነጋገር ሙስና አይደለም እንዴ?

ይህ ፍርሃት ብዙ ግዥ አበላሽቷል። ገበያውን ሳያናግሩ ገበያ ማወቅ አይቻልም። ቁም ነገሩ መቼ፣ እንዴትና ከማን ጋር እንደተነጋገሩ ነው።

ጨረታው ከመውጣቱ በፊት አቅራቢዎችን ጠርቶ «ይህን ልንገዛ አስበናል፤ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ዋጋውን የሚያንረው የትኛው ግዴታ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሙያዊ ሥራ ነው። ለአንዱ የተነገረው ለሁሉም ይነገር፣ ስብሰባው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ብቻዎን አይግቡ። አቅራቢ ስፔሲፊኬሽኑን እንዲጽፍልዎት ግን አይፍቀዱ። ጨረታው ከወጣ በኋላ ጥያቄው በጽሑፍ ይመጣል፤ መልሱም የጠያቂው ስም ሳይገለጽ ለሁሉም ይሰራጫል። ፖስታ ከተከፈተ በኋላ የቡናና የምሳ ግብዣ፣ የመንገድ ላይ ወሬ ሁሉ ይቁም።

ሻጩ እንዴት እንደሚያስብ መረዳት የሥራው ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ። አቅራቢ ያልተረጋገጠለትን ነገር ሁሉ ዋጋው ላይ ይደምረዋል። ክፍያ ዘግይቶ የሚከፍል መሥሪያ ቤት፣ የባንክ ወለዱ ተሰልቶ በቀጣዩ ጨረታ ዋጋ ውስጥ ተጨምሮ ይመለስለታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው መመሪያ የመንግሥት ተቋማት በመርህ ደረጃ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉ ያዘዘው ትናንሽ ድርጅቶች በክፍያ መዘግየት ስለሚሞቱ ነው። ያልተመጠነ የጨረታ ማስከበሪያ፣ ገደብ የሌለው የጉዳት ካሳ፣ ሊደረስበት የማይችል የማስረከቢያ ቀንም እንዲሁ ናቸው፤ ጠንካራው ተጫራች ዋጋ ይጨምራል ወይም ይሸሻል፣ ሰነዱን ሳያነብ የሚፈርመው ይመጣል።

የቀረበው ዋጋ ከገመትነው እጅግ ዝቅ ቢልስ?

ወዲያው አይደሰቱ፣ ወዲያውም አይጣሉት። ዋጋውን እንዴት እንዳገኘው በጽሑፍ እንዲያብራራ ይጠይቁት። ክምችት ኖሮት ይሆናል፤ አዲስ የአሠራር ዘዴም ሊኖረው ይችላል። ወይም አንድ ገጽ ሳያነብ ቀርቷል። ማብራሪያው አሳማኝ ካልሆነ ውድቅ ማድረግ የሚቻልበትን ሥርዓት አብዛኛው ሕግ አስቀምጧል። በኪሳራ ያሸነፈ ድርጅት ሥራውን መሀል ላይ ጥሎ ሲሄድ የሚከፈለው ዋጋ ከዚያ «ቁጠባ» ይበልጣል።

የመጣው ተጫራች አንድ ብቻ ቢሆንስ?

ከመሰረዝዎ በፊት ሰነዱን ለወሰዱት ግን ላልመጡት ደውለው ለምን እንደቀሩ ይጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እርስዎ በጻፉት ሰነድ ውስጥ ነው፤ ጊዜው አጭር ነበር፣ ወይም የተጠየቀው የሥራ ልምድ ከሥራው ጋር አይመጣጠንም። ሰነዱ ደህና ከሆነና ዋጋውም ከገበያ ጥናትዎ ጋር ከተቀራረበ መመሪያዎ እስከፈቀደ ድረስ አንዱን ማጽደቅ ነውር የለውም።

ተጫራቾች እርስ በርስ እንደተመካከሩ በምን አውቃለሁ?

ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ሳይሆን ጎን ለጎን ያንብቡ። ሁለት ተወዳዳሪዎች አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ወይም አንድ ዓይነት የሒሳብ ስህተት ሲሠሩ ሰነዱ ከአንድ ኮምፒውተር እንደወጣ ይጠርጥሩ። ተሸናፊዎቹ ሁሉ ዋጋቸው እኩል በሆነ መቶኛ ከአሸናፊው በላይ ሲሆን፣ ያሸነፈው ሥራውን ቆርሶ ለተሸነፈው ንዑስ ተቋራጭነት ሲሰጥ፣ ወይም ባለፉት ጨረታዎች አሸናፊነቱ በተራ ሲዞር ነገሩ አጠራጣሪ ነው። አጃቢ ተጫራች የሚባለው ማሸነፍ ሳይፈልግ ሌላውን ለማሳለፍ ብቻ የሚገባው ነው፤ አንዳንዴ ሆን ብሎ አስፈላጊ ሰነድ ያጎድላል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2009 ያወጣው መመሪያ እንዲህ ያሉትን ምልክቶች ዘርዝሯል፤ ማንበቡ ይጠቅማል።

ምልክት ማስረጃ አይደለም። ተጫራቾቹን ጠርተው አያፋጡ፤ ሰነድ እንዲያጠፉ ዕድል ይሰጣቸዋል። ያዩትን ጽፈው፣ ሰነዱን በሚገባ አስቀምጠው ሥልጣን ላለው አካል ያሳውቁ።

አንዱን ግዥ በትንሽ በትንሹ ከፋፍዬ ብገዛ ይፈጥናል። ለምን ይከለከላል?

ከግልጽ ጨረታ ለማምለጥ ሲባል ከሆነ ሕገ ወጥ ነው፤ በኦዲት የሚያዝም በቀላሉ ነው። ትልቁን ግዥ በአንድ ጨረታ ውስጥ በሎት፣ ማለትም ለየብቻ በሚወዳደሩባቸው ምድቦች፣ መከፋፈል ግን ሌላ ነገር ነው። ትናንሽ ድርጅቶች አቅማቸው በሚፈቅደው ልክ እንዲወዳደሩ ያደርጋል፤ እኔ በጣም እመክረዋለሁ። በየወሩ ለሚገዛ ዕቃ ደግሞ የማዕቀፍ ስምምነት አለ፦ አንዴ ተወዳድሮ ዋጋ ይታሰራል፣ ከዚያ በሚያስፈልግ ጊዜ በትዕዛዝ ይገዛል።

አለቃዬ «ይህን ለእገሌ ስጡት» ቢሉኝ ምን ላድርግ?

ብዙዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ቀላል ነው ብዬ አላታልልዎትም፤ ሥራዎንም ልጆችዎንም የሚያስብ መልስ መሆን አለበት።

መጀመሪያ፣ ትእዛዙ በእርግጥ ትእዛዝ መሆኑን ያጣሩ። አንዳንድ ኃላፊ ሕጉን ሳያውቅ፣ ጥሩ የሰማለትን ድርጅት መጠቆሙ ብቻ ሊሆን ይችላል። «እሺ፣ እንዲወዳደሩ ሰነዱን እንዲወስዱ እነግራቸዋለሁ» የሚል መልስ ግማሹን ነገር እዚያው ይዘጋዋል። ሁለተኛ፣ የሚጠየቁትን ነገር በቃል አይቀበሉ። «ይህን ለመፈጸም የትኛውን የግዥ ዘዴ እንደምጠቀምና ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡኝ» ይበሉ፤ በአክብሮት። ሕገ ወጥ ነገር የሚያዝ ሰው መጻፍ አይወድም። ሦስተኛ፣ አማራጭ ይዘው ይግቡ። «አይሆንም» ብቻ ከሚል ባለሙያ ይልቅ «ይህ አያስኬድም፤ በዚህ መንገድ ግን በሦስት ሳምንት ልናደርሰው እንችላለን» የሚል ባለሙያ ይሰማል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ጫናው ከቀጠለ አስተያየትዎን በፋይሉ ውስጥ አስፍረው ለውስጥ ኦዲት ወይም ለሥነ ምግባር ክፍል ያሳውቁ። የኃላፊ ቃል ከቢሮው ጋር ይለወጣል፤ ፊርማዎ ግን ከዓመታት በኋላም የእርስዎ እንደሆነ ይኖራል።

ዘመዴ ወይም ጓደኛዬ ቢጫረትስ?

በጽሑፍ ያሳውቁና ከዚያ ግዥ ራስዎን ያግልሉ። ከተጠየቁ በኋላ ሳይሆን ስሙን ባዩበት ቀን። የጥቅም ግጭት መኖሩ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ መደበቁ ነው ችግሩ።

አስቸኳይ ነገር ሲመጣ ሕጉን መጠበቅ ሰው መጉዳት አይሆንም?

ጎርፍ፣ ወረርሽኝ ወይም የፈረሰ ድልድይ ሲመጣ ሕጉ ራሱ በር አለው፤ በአጭር ጊዜ ወይም ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛት ይፈቀዳል። ሁለት ነገር ግን መለየት አለበት። ያልታሰበ አደጋ አንድ ነገር ነው፣ በጀቱ እንዳይመለስ በዓመቱ መጨረሻ የሚደረግ ጥድፊያ ሌላ ነገር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ የነበረ ዕቅድ በአንድ ወር ሲገዛ ስፔሲፊኬሽኑም ውሉም ይላላል።

እውነተኛ አደጋ ሲሆንም ውሳኔውን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደወሰነ መመዝገብ አይቀርም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት የሕክምና መከላከያ አልባሳት ሲገዛ ባለሥልጣናትና የምክር ቤት አባላት የጠቆሟቸውን አቅራቢዎች በተለየ መስመር ቅድሚያ ሰጥቶ ነበር፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር 2022 ያ አሠራር የእኩልነት ግዴታን የጣሰ ነው ብሎ ወስኗል። ችኮላው እውነት ነበር፤ ቅድሚያ የተሰጠበት መንገድ ግን ከሕግ ውጭ ነበር።

የተሸነፈ ተጫራች ቅሬታ ቢያቀርብብኝስ?

በአግባቡ ይቀበሉት። አሸናፊው ከተገለጸ በኋላ ውል ሳይፈረም የሚቆይበት ጊዜ በብዙ ሥርዓቶች አለ። በዓለም ባንክ የግዥ ደንብ 10 የሥራ ቀን ነው፤ የካቲት 2025 ሥራ ላይ በዋለው የእንግሊዝ አዲስ የግዥ ሕግ 8 የሥራ ቀን ነው። ጊዜው የተቀመጠው ስህተት ካለ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲባል ነው። ለተሸናፊው «አልተመረጡም» ከሚል ደረቅ ደብዳቤ ይልቅ የት ነጥብ እንዳጣ ቢነግሩት አብዛኛው ቅሬታ ከመወለዱ በፊት ይቀራል፤ በሚቀጥለውም ጨረታ የተሻለ ሰነድ ይዞ ይመጣል። ቅሬታው ትክክል ሆኖ ከተገኘ ማረም ውርደት አይደለም።

ውሉ ከተፈረመ ሥራዬ አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም፤ ይህን ከራሴ ስህተት ነው የተማርኩት። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ትልቅ ግዥ ፈጽመን ዕቃው ተተክሎ ክፍያው አለቀ፤ እኔም ፋይሉን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማሽኑ ቆመ። የዋስትና ጊዜው ከሦስት ሳምንት በፊት አልፎ ነበር። ብልሽቱ ግን ለወራት ሲታይ የቆየ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ለማን እንደሚያሳውቁ አልተነገራቸውም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ውሉ ጥሩ ነበር። የሚያስፈጽመው ሰው ነው የጠፋው።

ከዚያ ወዲህ ውል እንደተፈረመ አንድ ገጽ አዘጋጃለሁ፦ ማን ምን መቼ ያስረክባል፣ የውል ማስከበሪያው የባንክ ዋስትና መቼ ያበቃል፣ የዕቃው የብልሽት ዋስትና ጊዜ ማብቂያ መቼ ነው፣ ጉድለት ሲታይ ማን ለማን ይጽፋል። ያቺን ገጽ ጠያቂው ክፍል፣ ንብረት ክፍልና ፋይናንስ ይይዟታል። ቀኖቹን በስልኬ ማስታወሻ ላይ አስገባለሁ፤ ከ60 ቀን በፊት እንዲያስጠነቅቀኝ አድርጌ።

የውል ለውጥ ላይም ይጠንቀቁ። በዝቅተኛ ዋጋ አሸንፎ ከዚያ በተጨማሪ ሥራ ስም ዋጋውን መመለስ የታወቀ ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ በጽሑፍ፣ ሥልጣን ባለው ሰው፣ ሥራው ከመሠራቱ በፊት ይጽደቅ። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ግዥ መንግሥትን በውል ማሰር የሚችለው የሹመት ደብዳቤ ያለው የውል ኦፊሰር ብቻ ነው፤ ሥራ ቦታ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ «ይህንንም ጨምርበት» ቢል ውሉን አይለውጠውም። የትም ቢሆን ይህን መስመር ግልጽ ማድረግ ከብዙ ክርክር ያድናል።

የኤሌክትሮኒክ ግዥ መጥቷል። ባለሙያ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። ደቡብ ኮሪያ ከ2002 ጀምሮ በአንድ ብሔራዊ ሥርዓት ትሠራለች፤ ዩክሬን በ2016 ፕሮዞሮ የሚባለውን ሥርዓት ለመንግሥት ግዥዎች አስገዳጅ አድርጋ ሰነዶቹን ለሕዝብ ክፍት አድርጋለች። እንዲህ ያለ ሥርዓት ፖስታ ከሰዓት በፊት እንዳይከፈት ያደርጋል፣ ሩቅ ያለውን ተጫራች ያቀርባል፣ አሻራ ያስቀራል። ያልተፈለገ ነገር እንዳይገዛ፣ መጥፎ ስፔሲፊኬሽን እንዳይወጣ ግን ሊከላከል አይችልም። መጥፎ ሰነድ በኮምፒውተር ሲለጠፍ በፍጥነት ይሰራጫል እንጂ አይሻሻልም።

በመጀመሪያው ወር ምን ብሠራ ይጠቅመኛል?

ባለፈው ዓመት የተዘጉ አምስት ፋይሎችን ከግዥ ጥያቄው እስከ መጨረሻው የክፍያ ሰነድ ያንብቡ፤ በየደረጃው ስንት ቀን እንደፈጀ በወረቀት ላይ ይጻፉ። የሚያዘገየው ጨረታው ነው ብለው የሚያስቡ ከሆነ ምናልባት ይገረማሉ፤ እኔ ያገኘሁት ከጠያቂው ክፍል ጋር በሚደረገው ምልልስና በፊርማ ጥበቃ ላይ ነበር። ከዚያ መጋዘን ይውረዱና የተገዛው ዕቃ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ካርቶኑ ሳይከፈት የተቀመጠ ካለም ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ዕቃውን በየቀኑ የሚጠቀመውን ሰው አግኝተው «ዳግመኛ ቢገዛ ምን ይለወጥ?» ይበሉት። የሚሰጥዎትን መልስ ጽፈው ይያዙት፤ የሚቀጥለው ስፔሲፊኬሽን ከዚያ ይጀምራል።